አባታችን የኪራይ ግብር ሳይከፍሉ አርፈዋል፤ ዕዳው የማን ነው?

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ወራት አልፈዋል። ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ሲያከራዩ ኖረዋል። ወረቀቶቻቸውን ስናገላብጥ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ እንጂ ለኪራይ ገቢ የተከፈለ ግብር አላገኘንም። እናታችን በሕይወት አሉ። ወራሽነታችንን በፍርድ ቤት አረጋግጠናል። ታላቅ ወንድሜ «የሞተ ሰው ግብር አይጠየቅም፤ ዝም ብለን ቤቱን ሸጠን እንካፈል» ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። እንታሰር ይሆን? ቤቱስ ይወሰድብናል?

ምላሽ፦ በቅድሚያ ነፍስ ይማር። ለእናትዎም ለእናንተም መጽናናትን እመኛለሁ።

ከሚያስፈራዎት ነገር ልጀምር። አባትዎ ገቢያቸውን ስላላሳወቁ እናንተ አትታሰሩም። የወንጀል ኃላፊነት የግል ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ሊያስጠይቃችሁ የሚችለው ከአሁን በኋላ እናንተ ራሳችሁ የምትሠሩት ነው። «ቤቱ ተከራይቶ አያውቅም» ብሎ መፈረም፣ ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ውል ማዘጋጀት፣ ተከራዮችን «በነጻ ነው የኖርነው በሉ» ብሎ ማስጠናት፦ እነዚህ የእናንተ ጥፋት ይሆናሉ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ በዚህ ላይ ጠንካራ ነው፤ ታክስ ማጭበርበር በእስራት ያስቀጣል። እባካችሁ ወደዚያ አትግቡ።

ወንድምዎ ግን ተሳስተዋል። የግብር ዕዳ ከሟች ጋር አብሮ አይቀበርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ውርስ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟች ንብረት ራሱን የቻለ ሀብት ሆኖ ይቆያል። ዕዳውም የሚከፈለው ከዚያ ሀብት ነው። አንቀጽ 1014 ተራውን ይነግረናል፦ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳዎች ይከፈላሉ። በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ እንኳ የሚደርሰው ከእነዚህ በኋላ ነው። ለወራሾች የሚከፋፈለው የተረፈው ነው።

የወራሽነት ማረጋገጫ ስላገኛችሁ ሁሉ ነገር ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ያ ወረቀት ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ብቻ ነው የሚናገረው። ሟች ምን ሀብትና ምን ዕዳ እንደነበረባቸው የሚታወቀው ውርሱ ሲጣራ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ወራሾች ራሳችሁ አጣሪ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እንደ እናንተ ሐሳብ የተለያየ ቤተሰብ ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አጣሪው ዕዳውን በሪፖርቱ ሲያሰፍረው፣ ከወንድምዎ ጋር የሚደረገው ክርክር የእርስዎ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። አጣሪ የሆነ ሰው የግብር ዕዳ እንዳለ እያወቀ ንብረቱን ቢያከፋፍል በግሉ ሊጠየቅ እንደሚችልም ወንድምዎ ይወቁ።

ስለ ደረሰኙ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚከፈለው ቤት ስላለ ነው፤ ቢከራይም ባይከራይም። የኪራይ ገቢ ግብር ሌላ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» ሥር የሚወድቅ ሲሆን የሚታሰበው ከኪራዩ ገንዘብ ላይ ነው። አባትዎ «ግብሬን ከፍያለሁ» ብለው ከልባቸው አምነው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እነዚያን ደረሰኞች አትጣሉ። ከኪራዩ ላይ የሚቀነስ ነገር ይኖራቸው እንደሆነ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

አሁን ወደ መጠኑ። ወንድምዎ «35 በመቶ ይወስዱብናል» ብለው ፈርተው ይሆናል። ስሌቱ እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ ወርኃዊ ኪራዩ በድምሩ 20,000 ብር ነበር እንበል፤ በዓመት 240,000 ብር ነው። አዋጅ 979/2008 ከመሻሻሉ በፊት በነበረው ስሌት መዝገብ የማይዝ አነስተኛ አከራይ የኪራዩ 50 በመቶ ለጥገናና ለመሳሰለው ወጪ ይያዝለት ነበር። ግብር የሚከፈልበት ገቢ 120,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። እሱም በዚያን ጊዜ ተመን በየእርከኑ ሲሰላ የዓመቱ ግብር 24,540 ብር ነበር። የ240,000 ብር 35 በመቶ ግን 84,000 ብር ነበር። ልዩነቱን ተመልከቱ። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ እያንዳንዱን ዓመት በዚያ ዓመት በሚሠራው ሕግ አስሉ። ክልሎችም የየራሳቸው የገቢ ግብር አዋጅ አላቸው፤ ቤቱ ክልል ውስጥ ከሆነ የዚያን ክልል አዋጅ ተመልከቱ።

ከባዱ ዋናው ግብር ሳይሆን በላዩ የሚጨመረው ነው። በአዋጅ 983/2008 ዘግይቶ የተከፈለ ግብር መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት ይታከልበታል። ወለዱም የባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ መጠን ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ነው የሚታሰበው። «ዝም እንበል» የሚለው ምክር ከሁሉ የሚጎዳችሁ ለዚህ ነው፤ በየወሩ ዕዳው እያደገ ነው። የ5 ዓመት የጊዜ ገደብ ያድነናል የምትሉም ካላችሁ፣ ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት ሲኖር ገደቡ አይሠራም።

ሕጉ ግን ጨካኝ ብቻ አይደለም። በግብር ከፋይ ሞት ምክንያት ሙሉውን መክፈል በእሱ ሥር የሚተዳደሩትን ለከባድ ችግር የሚዳርግ ከሆነ፣ ዕዳው በሙሉ ወይም በከፊል ሊቀር የሚችልበት ድንጋጌ በአዋጁ አለ። ግብር ሰብሳቢው ባለሥልጣን አስተዳደራዊ ቅጣትን ሊያነሳም ይችላል። በየጊዜው ከፋፍሎ ለመክፈልም መጠየቅ ይቻላል። ራሱ ቀርቦ ያሳወቀ ቤተሰብ ይህን ሲጠይቅ ይደመጣል፤ ተይዞ የመጣ ግን ብዙ ይቸገራል። እናትዎ በኪራዩ ይተዳደሩ ከነበረ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

እናትዎን ካነሳሁ አይቀር፣ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናትዎ ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም። ወንድምዎ «ሸጠን እንካፈል» ሲሉ ይህን የረሱት ይመስለኛል። ያለ እናትዎ ፈቃድ የሚሸጥ ነገር የለም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የባንክ ደብተር፣ የቆዩ ውሎች፣ አባትዎ ኪራይ የመዘገቡበት ደብተር ካለ ሰብስቡ። ተከራዮች ከመቼ ጀምሮ ስንት እንደከፈሉ በጽሑፍ ተቀበሉ። በየዓመቱ ከፋፍላችሁ አስሉና ከሞት ማስረጃውና ከወራሽነት ማረጋገጫው ጋር አባትዎ ወደሚስተናገዱበት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቅርቡ፤ ግልባጩን በማኅተም ተቀበሉ። ጽሕፈት ቤቱ የተጋነነ ግምት ቢሰጣችሁ ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ አቅርቡ። በዚያ ካልረካችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ግን ከሚከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ያስፈልጋል።

አባትዎ ካረፉ በኋላ የተሰበሰበውን ኪራይ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። እሱ የአባትዎ ዕዳ ሳይሆን የእናንተና የእናትዎ ገቢ ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ራሳችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። የኪራይ ውሉም ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ስም ሲዛወር የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ መጠየቁ አይቀርም። ገዢ ቀብድ ከፍሎ ዕዳው በዚያ ሰዓት ቢወጣ ውል በማፍረስ የምትከሰሱት እናንተ ናችሁ። ወንድምዎ ደላላ ካናገሩ ለጊዜው ያቁሙ። ቀብድም እንዳይቀበሉ።