መልስ፦ «ዌት» ማርጠብ ነው ወይስ መሳል?

ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ የምግብ ፍላጎትን ስለ ማነሳሳት «ዌት ዩር አፐታይት» ሲባል አፍን በምራቅ ማርጠብ ማለት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። ድምፁ ማርጠብ ከሚለው «ዌት» ጋር አንድ ቢሆንም ቃሉ ሌላ ነው፣ ሲጻፍም መሃሉ ላይ «ኤች» አለችበት። ትርጉሙ ቢላ እንደሚሳለው መሳል፣ ስለታም ማድረግ ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1100 ገደማ በነበረው ማለት ነው፣ «ህዌታን» ይባል ነበር። የመጣው «ህዋት» ከሚል ቅጽል ሲሆን እሱም ንቁ፣ ቀልጣፋ፣ ደፋር የሆነን ሰው ይገልጻል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ግሱ ከድሮም ጀምሮ ሰይፍ መሳል ብቻ ሳይሆን ሰውን ማነሳሳት፣ ልቡን ማጀገንም ነበር። የድሮ ኖርዲኮቹ፣ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ማለት ነው፣ «ህቬትያ»ም ሁለቱንም ትርጉም ይዟል። ጀርመኖች ደግሞ ዛሬም ቢላ ሲስሉ «ቬትሰን» ይላሉ። እኛስ «የሰላ አእምሮ» እንል የለ? ለምግብ ፍላጎት ሲሆን ግን እኛ «ይከፍታል» ስንል እነሱ ይስሉታል።

ስኮትላንድ ውስጥ ብዙ ሰው አሁንም «ህዌት» ብሎ የ«ህ»ን ትንፋሽ ስለሚያሰማ ሁለቱ ቃላት አይምታቱበትም። ሌላው አብዛኛው ሰው ግን ስለማይለያቸው እንግሊዞቹ ራሳቸው አጻጻፉን ይሳሳታሉ፣ ስለዚህ ግራ መጋባትህ አይግረምህ።

«ዌትስቶን» የሚሉት የመሳያ ድንጋይም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ቢላ ሲሳል ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ስለሚደረግ «እርጥብ ድንጋይ» ይመስላል እንጂ በዘይት የሚሠራውም፣ በደረቁ የሚሠራውም ያው ዌትስቶን ነው።