የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሁለት የሥልጣን ዘመን እንዴት አራት ይሆናል?

ጥያቄ፦ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ታዲያ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ የሚወዳደሩት ሕጉን ጥሰው ነው?

መልስ፦ በግላጭ የሚጥሱት ጥቂቶች ናቸው። የተለመደው መንገድ አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥቶ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ማስጀመር ነው። በጊኒ የ2010ሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሕገ መንግሥት አንቀጽ 154 የሥልጣን ዘመን ቁጥሩም ርዝመቱም ሊሻሻል እንደማይችል ይደነግግ ነበር። ፕሬዚዳንት አልፋ ኮንዴም አላሻሻሉትም፤ በማርች 2020 ሕገ መንግሥቱን በሙሉ በሕዝበ ውሳኔ አስቀየሩት። አዲሱም «ሁለት ጊዜ» ይላል፤ ዘመኑን ግን ከአምስት ወደ ስድስት ዓመት አሳደገው። ለሦስተኛ ጊዜ ተመርጠው ዓመት ሳይሞላቸው በሴፕቴምበር 2021 ወታደሮች ገለበጧቸው። በኮትዲቯር አላሳን ዋታራ የ2016ቱን ሕገ መንግሥት ይዘው በ2020 ሦስተኛ፣ በ2025 አራተኛ ጊዜ ተመረጡ። ቶጎ ደግሞ ወንበሩን ራሱን ቀየረችው፦ ሥልጣኑ ገደብ ወደሌለበት ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንትነት ዞረ፤ በሜይ 2025 የተቀመጡበትም ያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ፎር ኛሲንግቤ ናቸው።

ስለዚህ የአዲስ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ሲቀርብላችሁ «ሁለት ጊዜ» የሚለውን አትፈልጉ፤ እሱማ አይጠፋም። መጨረሻ ገጾች ላይ ያሉትን የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች አንብቡ። ከዚህ በፊት የተሠራባቸው ዘመናት እንደሚቆጠሩ በግልጽ ካልተጻፈ ጉዳዩ በዳኞች ትርጉም እጅ ይወድቃል። ያኔ ዳኞቹን ማን ሾማቸው ብቻ ሳይሆን ድጋሚ ይሾማሉ ወይ ብሎ መጠየቅም ይገባል። የሕገ መንግሥት ጉዳዮችን የሚዳኘውን የሴኔጋል ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ሰባቱንም አባላት የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ዘመናቸው ግን ስድስት ዓመት ሆኖ አይታደስም። ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ምርጫውን ሲያራዝሙና ፓርላማው ወደ ዲሴምበር ሲገፋው ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2024 ውሳኔዎቹን ሻረ፤ ሕዝቡም በማርች 24 ድምፅ ሰጠ።

ጥያቄ፦ መፈንቅለ መንግሥት ያደረገ ሰው በምርጫ እንዳይወዳደር የሚከለክል አህጉራዊ ሕግ የለም?

መልስ፦ አለ። በ2007 የጸደቀው የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተር አንቀጽ 25 ንዑስ አንቀጽ 4 በግልጽ ይከለክላል። ችግሩ አፈጻጸሙ ነው። በጋቦን በኦገስት 2023 ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ኦሊጊ ንጌማ በኤፕሪል 2025 ተወዳድረው አሸነፉ። አገሪቱን አግዶ የነበረው የአፍሪካ ኅብረትም በዚያው ወር እገዳውን አነሣ።