መልስ፦ በአዲሱ ፒክአፕ ሻሲ ላይ ስለታየው ዝገት

ወንድሜ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የበረዶ ወራት ብቻ ያየ መኪና ብየዳው ላይ መዛጉ ቢያስደነግጥህ አልፈርድብህም። ከላይ ያረፈ ዝገት እንጂ ሻሲውን (የመኪናውን የብረት አጽም) የበላ አይደለም። በጎማ መሰል ጥቁር ቅብ ላስሸፍነው ያልከውን ግን እባክህ ተወው! እርጥበቱንና በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው አፍኖ ይይዛል፤ ብረቱም ሳታየው ያልቃል። ይልቅስ መንገድ ላይ ጨው መበተን ሳይጀመር በየዓመቱ ከበግ ሱፍ የሚገኘውን የላኖሊን ቅባት አስረጭበት፤ በሻሲው ቀዳዳዎች ወደ ውስጥም ይግባ። ውኃ መውጫዎቹ እንዳይደፈኑ። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ቀን ከስር አሳጥበው። ጨው እንደተሸከመ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የፍሬን ቱቦው ነውና እሱን በየፀደዩ አስፈትሽ።