የኬኩ ዱቄት ለምን ደርቆ ይቀራል? ስለ ፍራፍሬ ዳምፕ ኬክ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በጣሳ የታሸገ የኮክ ፍራፍሬ ከታች ገልብጠሽ፣ በካርቶን ተቀላቅሎ የሚሸጠውን የኬክ ዱቄት ላዩ ላይ በትነሽ፣ ቅቤ ጣል ጣል አድርገሽበት ጋግረሻል። ሲወጣ ላዩ ቦታ ቦታ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቀረ፣ ሥሩ ደግሞ ውሃ ውሃ አለ። እንቁላልና ወተት መግባት ነበረበት ወይ፣ ባልታሸገ ፍራፍሬስ ይሆናል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ይሄን ዳምፕ ኬክ ዘወትር ስለምሠራውና በጣም ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እንቁላሉም ወተቱም ይቅር። ካርቶኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው እንቁላል፣ ዘይትና ውሃ ተመትቶ ለሚጋገር ኬክ ነው። ይሄኛው አይመታም። ካርቶኑ ውስጥ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳርና ቤኪንግ ፓውደር ተቀላቅለው አሉ። የሚጎድለው እርጥበትና ስብ ብቻ ነው። እርጥበቱ ከፍራፍሬው ጭማቂ እየፈላ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ስቡ ከቅቤው እየቀለጠ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ኬክ ይሆናል። ያልደረሱበት ቦታ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል፣ ሌላ ሰዓት ብትጨምሪለትም ይቃጠላል እንጂ አይበስልም። ስለዚህ ዱቄቱ ሁሉ ከላይ ወይ ከታች የሚያርሰው ነገር ማግኘት አለበት።

የትሪሽን ስፋት አልነገርሽንም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። አንድ ሙሉ ካርቶን፣ ማለትም 430 ግራም ገደማ፣ 23 በ33 ሳንቲሜትር በሆነ ትሪ ላይ ሲበተን ውፍረቱ አንድ ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ይሄን ቅቤውና ጭማቂው ይደርሱበታል። ያንኑ ካርቶን 20 በ20 ትሪ ላይ ብትገለብጪው ግን ሁለት ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ ያኔ መሀሉን ከላይም ከታችም የሚያገኘው የለም። ትሪሽ ትንሽ ከሆነ የካርቶኑን ግማሽ ብቻ ተጠቀሚ፣ የቀረውን በደንብ ዘግተሽ ለሌላ ጊዜ አስቀምጪ። የካርቶኑንም ግራም አንብቢ። ድሮ 517 ግራም የነበሩ ካርቶኖች ወደ 432 ወርደዋል፣ አሁን 375 የሚመዝኑም አሉ፣ የቆየ አሠራር ተከትለሽ ስትሠሪ ልኩ የማይገጥምልሽ አንዳንዴ በዚህ ነው።

ስትበትኚው ደግሞ መሀል ላይ ቆልለሽ እንዳትተዪው። በእጅሽ እያፍረከረክሽ፣ የጓጎለውን እየፈታሽ፣ እስከ ጠርዙ እኩል አድርጊው። ከዚያ አትንኪው። ከፍራፍሬው ጋር ብታማስዪው ላዩ ላይ ያለው ያ ጥርት ጥርት የሚል ቅርፊት አይገኝም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተላቁጦ ይወጣል።

አሁን ወደ ቅቤው ልምጣ፣ ምክንያቱም ጣል ጣል አደረግሁ ያልሽው ነገር ነው ላዩን ያስቀረብሽ። ለሙሉ ትሪ ቢያንስ 170 ግራም ቅቤ ያስፈልጋል፣ 200 ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ቅልጥ አድርጎ ማፍሰስ ይቻላል፣ ግን የቀለጠ ቅቤ የወደቀበት ቦታ ላይ ወዲያው ይመጠጥና ጎኑ ያለው ዱቄት ደረቅ ይቀራል፣ ስለዚህ በማንኪያ ቀጭን ቀጭን መስመር እያደረግሽ መላውን ማዳረስ አለብሽ። እኔ የምመርጠው ሌላውን መንገድ ነው። ቅቤው ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ቀዝቃዛ እንዳለ፣ በቢላ ስስ ስስ አድርጌ እቆርጠውና እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጎን ለጎን እደረድረዋለሁ። ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ ከሥሩ ያለውን ዱቄት እያራሰ ይወርዳል። ቁርጥራጮቹ መሀል ክፍተት ካለ ዱቄት የሚቀረው እዚያ ነው፣ ስለዚህ ቅቤው አላዳርስ ካለሽ አቅጥነሽ ቁረጪው እንጂ አራርቀሽ አትደርድሪው።

ሌላም ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የማያደርገው ይሄን ነው። ከገባ ከ25 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ኦቨኑን ከፍተሽ እዪው። ነጭ የሆነ ቦታ ካለ ጠርዙ ላይ እየፈላ ያለውን ጭማቂ በማንኪያ ቀዳ አድርገሽ እዚያ ላይ አፍስሺ፣ ወይ ትንሽ ቅቤ አስቀምጪበት፣ በማንኪያው ጀርባም ጫን አድርጊው። በዚህ ሰዓት ዱቄቱ ገና ስላልደረቀ ይጠጣዋል። መጨረሻ ላይ ካየሽው ግን ማዳኑ ይከብዳል።

የሥሩ ውሃ የመጣው ከኮኩ ሽሮፕ ይመስለኛል። ሁለት ጣሳ ኮክ ከነሽሮፑ ከገለበጥሽ ፈሳሹ በዝቷል። የአንዱን ጣሳ ሽሮፕ አስቀሪው፣ የሌላውን ብቻ ጨምሪ፣ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች እሱ ውስጥ በጥብጪና ከፍራፍሬው ጋር አዋህጂው። ስታርቹ የሚወፍረው መሀሉም ጭምር ሲፈላ ነው፣ ጠርዙ ፈልቷል ብለሽ ቶሎ እንዳታወጪው። ከወጣም በኋላ እየበረደ ሲሄድ ይበልጥ ይወፍራል። ትኩሱን ቀድተሽ ውሃ ነው ብለሽ ከሆነ ግማሹ ጥፋት የመቸኮል ነው። 20 ወይም 30 ደቂቃ ይረፍ።

ለፓይ፣ ማለትም ሊጥ ውስጥ ተሞልቶ ለሚጋገር ጣፋጭ፣ ተብሎ ወፍሮ የሚታሸገው ቼሪ ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው። ስታርች ስላለበት ውሃ አይሆንብሽም፣ ነገር ግን ነጻ ፈሳሽ ስለሌለው ዱቄቱን ከታች የሚያርሰው ያጣል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የተፈጨ አናናስ ከነጭማቂው ከሥሩ አፍስሶ ቼሪውን ላዩ ላይ የሚጨምረው። አናናሱ ፈሳሹን ይሰጣል፣ ቼሪው ያወፍረዋል። የአናናሱም ጎምዘዝ ማለት የቼሪውን ጣፋጭነት ይሰብረዋል። ለጀማሪ ከሁሉም የምመክረው ይሄንን ነው፣ ከየአንዱ አንድ አንድ ጣሳ፣ 570 ግራም ገደማ፣ ይበቃል።

ባልታሸገ ፍራፍሬም በደንብ ይሆናል። አንድ ኪሎ አካባቢ ያዢ። እንጆሪ፣ ማንጎ፣ ኮክ፣ ፕሪም ጭማቂ አላቸው፤ ቆራርጠሽ ትንሽ ስኳርና ሎሚ ነስንሰሽ 20 ደቂቃ ተዪያቸው፣ ራሳቸው ፈሳሽ ያወጣሉ፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስታርች ጨምሪ። ፖም ግን ደረቅ ነው። በስሱ ከትፈሽ ግማሽ ኩባያ የፖም ጭማቂ ወይም ውሃ ካልጨመርሽለት ላዩ ይደርቃል፣ እሱም ጥሬ ጥሬ ይላል። ሙዝ አልመክርሽም፣ የሚለቀው ጭማቂ የለውም፣ ቀለሙም ይጠቁራል።

ከፍሪዘር የወጣ ፍራፍሬ ካለሽ ማቅለጥ አያስፈልግም፣ ስታርቹን ነስንሰሽበት እንዲሁ አስገቢው፣ ሰዓቱን 15 ደቂቃ አካባቢ አስረዝሚ። እዚህ ላይ ግን እባክሽ ተጠንቀቂ፣ በረዶ የሆነ ፍራፍሬ የሞላበትን የመስታወት መጋገሪያ የጋለ ኦቨን ውስጥ አታስገቢ፣ ሊፈነዳ ይችላል። የብረት ትሪ ተጠቀሚ።

እሳቱ 180 ዲግሪ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ። በመስታወት የምትጋግሪ ከሆነ 15 ዲግሪ ቀንሺ። ሥሩ ሌላ ትሪ አድርጊበት፣ ጭማቂው ገንፍሎ ኦቨንሽን እንዳያበላሽብሽ። ስንጥር ወግቶ ማየት እዚህ አይሠራም፣ ከታች ፍራፍሬ ስለሆነ ሁሌም እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ላዩ ወርቃማ ሆኖ ቡናማ መምሰል ሲጀምር፣ ጠርዙም ላይ የሚፈላው ወፍሮ በዝግታ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ደርሷል። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጊበት።

ስለ ስኳር አንድ ነገር ልበል። የካርቶኑ ዱቄት ውስጥ ስኳሩ በጣም ብዙ ነው፣ የጣሳው ፍራፍሬም ጣፋጭ ነው። ፍራፍሬው ላይ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ዱቄቱ ላይ ቁንጥር ጨው ብታደርጊ ጣዕሙ ይለወጣል። ዱቄቱን ቫኒላ ከወሰድሽ ከየትኛውም ፍራፍሬ ጋር ይሄዳል፣ ቸኮሌቱ ከቼሪ ጋር ያምራል፣ ከፖም ጋር ቀረፋ ጨምሪ። ለውዝ ወይም ኮኮናት ከወደድሽ ከቅቤው በፊት ነስንሺው።

ከቅቤ ይልቅ አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። ዱቄቱን ያርሰዋል፣ ደረቅ ቦታም አይተውም፣ ግን ስብ ስለሌለው ላዩ ለስላሳ ኬክ ሆኖ ይቀራል፣ ያ ቅርፊት የለም። ለእኔ የዚህ ነገር ዋናው ቅርፊቱ ስለሆነ አልሠራበትም። ቅቤ ለማይበላ ሰው ቢያንስ ማርጋሪን ይሁን። ደግሞ ልጆች አጠገብሽ ካሉ ዱቄቱን እንዳይቀምሱ ጠብቂ፣ ያልበሰለ የስንዴ ዱቄት ሆድ ሊያሳምም ይችላል።

የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ታቆዪዋለሽ። ላዩ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ በማይክሮዌቭ ሳይሆን በኦቨን አሙቂው።

የጋገርሽውን ደግሞ እንዳትደፊው። ደረቁን ቦታ በሹካ ወጋ ወጋ አድርጊ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ከዚያው ከትሪው ሥር ከቀዳሽው ጭማቂ ጋር ቀላቅለሽ እሱ ላይ ብቻ አፍስሺ፣ ወደ 175 ዲግሪ መልሰሽ 15 ደቂቃ ስጪው። መሀሉ ሲፈላ ካየሽ አውጪውና ይረፍ። እንዴት እንደሆነልሽ እዚሁ ጻፊልን፣ የትሪሽንም ስፋት አብረሽ ንገሪን።