«ስንት ጊዜ ቀራቸው?» ላልሽው

እህቴ፣ እናትሽ የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው፣ ሐኪሙም «እሱን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው» ብሎ እንዳለፈሽ ጽፈሻል። ሪያድ ያለውን ወንድምሽን አሁን ልጥራው ወይስ ልቆይ ነው ጥያቄሽ።

ሐኪሙ ቁጥር ባለመናገሩ አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ የቺካጎ ጥናት፣ ሐኪሞች ለ468 ሕሙማን ከሰጡት ግምት ለትክክለኛው የቀረበው 20 በመቶው ብቻ ነበር፤ የሳቱትም አብዛኞቹ ጊዜውን አርዝመው ነው። ስለዚህ «ስንት ወር?» አትበይው። «የምናወራው ስለ ቀናት ነው፣ ስለ ሳምንታት ነው ወይስ ስለ ወራት?» ብለሽ ጠይቂው። ለዚህ የማይመልስ ሐኪም ጥቂት ነው።

አንቺ ቤት ሆነሽ የምታዪው ደግሞ የለውጡን ፍጥነት ነው። ባለፈው ወር ገበያ ይወጡ የነበሩት አሁን ከግቢ ካልወጡ፣ ለውጡ በወር ነው፤ የቀረውም ብዙ ጊዜ በወራት ይቆጠራል። ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ይታጠቡ የነበሩት አሁን ሰው ካልደገፋቸው፣ ሳምንታት ነው። ትናንት ሾርባ ጠጥተው ዛሬ ጉንጭ ውኃ ካቃታቸው፣ ቀናት። በማስታገሻ ሕክምና የምንጠቀምበት ከ100 እስከ 0 በአሥር በአሥር የሚወርድ መለኪያም የሚያየው ይህንኑ ነው፦ መራመድ፣ ሥራ፣ ራስን መቻል፣ መብላት፣ ንቃት። አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ወይም ተኝቶ የሚውል ሰው 50 ነው፤ ከአልጋ የማይነሳ 30።

ግን ይህን ከመቁጠርሽ በፊት ሞት የሚመስል ሌላ ነገር አለመኖሩን አረጋግጪ። በጉበት ሕመም ላይ ትልቁ ማሳሳቻ ይህ ነው። ጉበት ሲደክም ከአንጀት የሚመጣው መርዝ አንጎል ይደርሳል፤ ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይባዝናል፣ ንግግሩ ይምታታል፣ እጁን ወደፊት ዘርግቶ መዳፉን «ቁም» እንደሚል ሰው ወደ ላይ ቢያቀና ይርገፈገፋል። ቤተሰቡ «አበቃ» ብሎ ያለቅሳል። መንስኤው ግን ሦስት ቀን የቆየ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ውስጥ መድማት ወይም ለእንቅልፍ የተሰጠ ዲያዜፓም ሊሆን ይችላል። ሰገራ የሚያለሰልሰው ላክቱሎስ ሽሮፕ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለስላሳ ሰገራ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ እስኪወጣ ድረስ፤ ብዙው ሰው ይነቃል። መጠኑን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ፣ ተቅማጥ ከሆነ ይቀነስ። ለሕመም ማስታገሻ ሞርፊን የሚወስዱ ከሆነ የሆድ ድርቀቱ አይቀርም፤ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መሰጠት አለበት።

ድንገት የደከመ ሰው ላይ ስኳሩም ይለካ፤ የጉበት ካንሰር የደም ስኳርን ሊጥል ይችላል። ትኩሳት ካለ ለወባ ደም ይታይ፣ ድሬዳዋ ነንና። በግንቦት ሙቀት ያለ ፈሳሽ የዋለ በሽተኛም በአንድ ቀን ሳምንት የከሳ ይመስላል።

እነዚህ ሁሉ ታይተው መውረዱ ከቀጠለ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚመጡት ምልክቶች ግልጽ ናቸው፦ የእጅ አንጓ ላይ የልብ ምት አይገኝም፣ ትንፋሹ ቆም እያለ ይቀጥላል፣ አገጭ ከትንፋሹ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ጉልበትና እግር ይጠቋቁራል። ድሬ ላይ በጠራራ ፀሐይ እጅ መቀዝቀዙ ራሱ ይናገራል። በጉሮሮ የሚሰማው የጣር ድምፅ ለሰሚው ከባድ ነው እንጂ ታማሚው ብዙም አይሰማውም፤ በጎን አስተኙ፣ ውኃ በግድ አታፍስሱ። ሁሉም ሰው ላይ ሁሉም ምልክት አይታይም።

እንግዲህ ነገሮችን በቀን ሳይሆን በአቅም አስይዙ። ኑዛዜ አእምሮ ሳይደክም ይደረግ። ክርስቲያን ከሆናችሁ እናትሽ መዋጥ ሳይሳናቸው ቄሱን ጥሩ፤ ቁርባን መዋጥ ይጠይቃል። ሐረር ለምርመራ ማመላለስም መቀመጥ በሚችሉበት ጊዜ ብቻ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው አድካሚ ነው።

ለውጡ በሳምንት ከሆነ ወንድምሽ የመውጫ ፈቃዱን ዛሬ ይጀምር፣ ወረቀቱ የራሱን ቀናት ይበላልና። በቀን ከሆነ ደግሞ እንዲመጣ እየሞከረ ማታ ማታ ይደውልላቸው፤ መናገር ቢያቅታቸውም ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርጉላቸው።