እናቴ ደም እንዳይረጋ የሚሰጣትን ዋርፋሪን ትታ አስፕሪን ብትውጥስ ላልከው

አይሆንም፣ እንዳያቆሙ። «ልቧ የሚዘባረቀው አልፎ አልፎ ነው፣ አሁን ደህና ነች» ብለሃል። የልብ ምቱ መዘባረቁ ሄድ መጣ ቢልም አደጋው አለ።

የላይኛው የልብ ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ሲርገበገብ ደሙ እዚያው ይተኛል፣ ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ የአንጎል ደም ስር ከዘጋ ስትሮክ ነው። እንዲህ ዓይነት የልብ ምት ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው 5 እጥፍ ገደማ ነው። አስፕሪን ይህን በደንብ አይከላከልም፣ የዋርፋሪንን ቦታም አይተካም። ይልቅ የአይኤንአር ምርመራቸው (ደማቸው ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው) እንዳያልፋቸው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ክኒኑ ከከበዳቸው ሐኪሙ ይቀይርላቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አክስቴ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ሲያማት ለማንም ሳትናገር ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ገዝታ ከዋርፋሪኑ ጋር ዋጠች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መፋቂያዋን አሳየችኝ፤ ጫፉ በደም ርሷል፣ የድዷም ደም አልቆም አለ። ሆስፒታል ይዣት ሮጥኩ፣ ተረፈች። እናትህም ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ሳይናገሩ ማስታገሻ አይግዙ።

አፋቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና «ትንሽ ይረፉ» አትበሉ። ያገኛችሁትን ባጃጅ ይዛችሁ በቀጥታ ሆስፒታል!