ዑድ ሲጨስ ለምን ትሸሻለች?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ታናሽ እህቴ «የቤት ሠራተኛ ትሆኛለሽ» ብሎ ደላላ አታሎ አረብ አገር ልኳት፣ እዚያ አስገድደው ለወንድ ሲሸጧት ኖረች። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። «በገዛ እግሬ ሄጄ» እያለች ራሷን ትረግማለች። ሌሊቱን መብራት አብርታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋዋለች። ዓርብ ዓርብ እናታችን ዑድ ስታጨስ በላብ ተጠምቃ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ቤተሰቡ «ጂን ነው፣ ጭሱ አቃጥሎት ነው» ይላል። አጎቴ ደግሞ ባል ይፈለግላት ባይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዑዱን አስቁሚ። ለእናትሽ «ሽታው ያማታል» ማለት ይበቃል፤ ምስጢሩ የእህትሽ ነው።

ሽታ ፍርሃትንና ትዝታን ቶሎ ይቀሰቅሳል። ያ ጭስ ሲሸታት ሰውነቷ እናቷ ቤት መሆኗን ይረሳና የዚያን የአረብ አገሩን ቤት ሽሽት ይሸሻል። ያንቺ ደብዳቤ የሚነግረኝ ከአሰቃቂ በደል በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ባለሙያ አይቶ ያረጋግጠው፤ ሕክምና አለው። ሲነሣባት ከኋላዋ አትንኪያት። ፊት ለፊቷ ሆነሽ በስሟ ጥሪያት፤ «እኔ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ነን፣ በሩ ክፍት ነው» በያት። ቀዝቃዛ ውኃ አስነኪያት።

የደረሰባትን ዘርዝሪ አትበያት። ቡና ላይ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚሉትን ጎረቤቶችም አንቺ መልሺላት። ታሪኩ የሚነገረው በሠለጠነ ባለሙያ ፊት፣ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት፣ እርሷ በፈቀደችው መጠን ነው። ሐኪም እንደ ፍሉኦክሴቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃልና «አልሠራም» ብላችሁ እንዳትጥሉት። ከፋርማሲ የእንቅልፍ ኪኒን በራሳችሁ አትግዙ።

እኔም ወደጃ (የጋራ ዱዓ) ላይ ያደግሁ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ዱዓን አልከለክልም። እርሷ ከወደደች ትሂድ። ማሰር፣ መምታት፣ ማጠን ግን ቁስሏን መቀስቀስ ነው። የባሉ ነገር ፈጽሞ አይሆንም! ገላዋን ሌሎች ሲያዙበት የኖረች ልጅ ናት፤ ዛሬ ደግሞ አጎቷ ይዘዝባት?

«በገዛ እግሬ ሄጄ» ስትል፣ በማታለል የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ ንገሪያት። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀለኛ የሚላቸው ያታለሏትንና የሸጧትን እንጂ እርሷን አይደለም።

«ሞቼ ባረፍሁት» ካለች ግን አንድም ሰዓት ብቻዋን አትተዪያት። የአይጥ መርዝና ፀረ ተባይ ከቤት አውጡ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷት።

ያለዚያም ብዙ አትቆዩ። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ወደ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊልኳችሁ ይችላሉ። የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራም፣ ከፈቀደች፣ ይደረግላት። ሴት ባለሙያ ትፈልግ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂያት። ስትገባም «አብረሽኝ ግቢ» ካላለችሽ በቀር ውጪ ጠብቂያት።